ደሴ ላይ የግል ሳይኮሎጂስት ዘንድ መሄድ ልጀምር ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ምን ይጠብቀኛል?

መምህርት፣ ሐይቅ

ሰላም ለሁላችሁ፤ እንዴት ከረማችሁ?

ሐይቅ አስተማሪ ነኝ። ባለትዳርና የልጆች እናት ነኝ። የፊታችን ቅዳሜ ደሴ ላይ ከአንድ የግል ሳይኮሎጂስት ጋር ቀጠሮ ይዣለሁ። እንዲህ ዓይነት ቦታ ሄጄ አላውቅም። ከዘመድም ከወዳጅም ሄዶ የነገረኝ ሰው የለም። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አስረዱኝ።

ነገሩ የጀመረው በ2014 ነው። ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ወደኛ ሲጠጋ ልጆቻችንን ይዘን በእግር ወጣን። መንገድ ላይ ያየሁትን እዚህ አልጽፈውም። በኋላ ተመለስን፣ ቤታችንን ጠገንን፣ ትምህርት ቤቱም ተከፈተ። የኔ ሰውነት ግን እስካሁን መንገድ ላይ ነው። የብረት በር ሲጋጭ እጄ ይንቀጠቀጣል። ተማሪ ዴስክ ሲገፋ ልቤ ይመታል፤ ጠመኔው ከእጄ ይወድቃል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነቃና እስኪነጋ ጣሪያ አያለሁ።

ልቤን ታይቻለሁ። ኢሲጂ ተነሳሁ፤ ደህና ነው ተባልኩ። ቀጥሎ ጨጓራ ነው ተባለና መድኃኒት ዋጥኩ፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ አንዲት ነርስ ናት «ይሄ ጭንቀት ነው፤ የሚያናግርሽ ባለሙያ ፈልጊ» ያለችኝ። እናቴ ዱአ አስደርጋልኛለች፤ ቤታችን ወዳጃ ተቀምጧል። በሱ ልቤ ይረጋል፣ አልሐምዱሊላህ። እንቅልፌ ግን አልተመለሰም።

ጥያቄዬ ብዙ ነው። መጀመሪያ ቀን ምንድን ነው የሚጠይቀኝ? ሁሉንም ዘርግፌ መናገር አለብኝ? ያንን መንገድ ገና ሳስበው ጉሮሮዬ ይዘጋል። የምናገረው ተመልሶ ሐይቅ ቢደርስስ? አስተማሪን ደግሞ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ለስንት ጊዜ ነው የሚኬደው? የምከፍለው ከደሞዜ ላይ ነው። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ሰው «ለውጥ አለኝ» የሚለው?

አላህ ይስጥልኝ።

ከላሊበላ

እህቴ፣ አይዞሽ። እኔም ከዚያ ጊዜ በኋላ ሰው ፊት መቆም አቅቶኝ ነበር። ጸበል ገብቼ፣ ንስሐ አባቴን አማክሬ ቀለለኝ። ለምክር ብዙ ብር ከማውጣትሽ በፊት እናትሽ እንዳሉት በዱአው በርቺ። እንደ ወንድም ነው የምመክርሽ። እግዚአብሔር ምሕረቱን ያውርድልሽ።

ስፌት ቤት፣ ደሴ

አብሽሪ እህቴ። የላሊበላው ወንድማችን ያለውን አልነቅፍም፤ እኔም ጸሎቴን አልተውኩም። ግን ዱአና ባለሙያ አይጣሉም። እኔ ሁለቱንም ይዤ ነው የሄድኩት፤ የሚያክመኝም ሰውዬ አንድ ቀን «ጸሎቱን ተዪ» አላለኝም። እንዲያውም «ከሶላት በኋላ ልብሽ የሚረጋው ለስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ጠይቆ ጽፎታል። ስለዚህ ቅዳሜሽን አትሰርዢ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴም ሰፊ ነበር፤ አንድ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር የምንሠራው። እሱ ካለፈ በኋላ ከሱ የስፌት መኪና አጠገብ መቀመጥ አቃተኝ። ደንበኛ ልብስ ሊለካ ሲመጣ እንባዬ ጨርቁ ላይ ይወርዳል። ያንቺ ጭንቀት ነው፣ የኔ ሐዘን ነበር። ግን የአካሄዱ ነገር ብዙው ይመሳሰላል፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

ስልኩ ላይ ሙሉ ታሪክ አይጠየቅም። ስም፣ ዕድሜ፣ «በምን ጉዳይ?» ነው። «እንቅልፍና ጭንቀት» ካልሽ ይበቃል። ዋጋውን፣ ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ መቅረት ቢኖርብሽ ከስንት ቀን በፊት መናገር እንዳለብሽ ሳታፍሪ ጠይቂ። ብዙዎቹ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ነው የሚይዙሽ። ሳትናገሪ ከቀረሽ የሚያስከፍሉ አሉ። ለአስተማሪ ወይም ለተማሪ ዋጋ የሚቀንሱም አሉ፤ ካልጠየቅሽ ግን ማንም አይነግርሽም።

ክፍሉን አትፍሪው። እንደ ፊልም ተኝተሽ አይደለም የምታወሪው። ወንበሮች አሉ፣ ትንሽ ጠረጴዛ አለ፣ ሶፍት ተቀምጧል። የኔው ክፍል ግድግዳው ላይ ሰዓት ነበረ፤ እኔ እንዳየው ተደርጎ ነው የተሰቀለው። መጀመሪያ ከፋኝ። በኋላ ግን ጠቀመኝ፤ ከባዱን ነገር አሥር ደቂቃ ሲቀረው አልጀምርም።

የመጀመሪያው ቀን ሕክምና አይመስልሽም፤ ጥያቄ በጥያቄ ነው። መቼ ጀመረ? ምን ሲሆን ይብሳል? ምን ሲሆን ይቀላል? እንዴት ትበያለሽ? ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ? ቡና ስንት ስኒ ትጠጫለሽ? ጫት አለ ወይ? ቤት ከማን ጋር ነሽ? ከቤተሰብ እንዲህ ያለ ሕመም የነበረበት ሰው አለ? ስለ ቡናው በደንብ ጠይቆኛል። እኛ ቤት እስከ ማታ ሦስት ሰዓት አቦል ቶና በረካ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ያለውን እንድቀንስ ያደረገኝ እሱ ነው።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ያስደነግጥሻል። «መሞትን ወይም ራስሽን መጉዳትን አስበሽ ታውቂያለሽ?» ይልሻል። ይሄን ለሁሉም ሰው ነው የሚጠይቁት። እውነቱን መልሺለት። እኔ «መኖር ሰልችቶኛል፤ ራሴን ግን አላጠፋም» አልኩት። አልደነገጠም፤ አልቆጣኝም። በረጋ ድምፅ ጥቂት ጠየቀኝና ወደ ሌላው አለፈ። ያንን ቃል ጮክ ብዬ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ስወጣ ትከሻዬ ቀሎኝ ነበር።

«ሁሉንም ልንገር ወይ?» ላልሽው፣ አይደለም። «ስለዚያ መንገድ ዛሬ ማውራት አልችልም» በዪው። ይሄ ራሱ ለሱ ትልቅ መረጃ ነው። ደህና ባለሙያ ከሆነ አይጎትትሽም። የኔው ሰውዬ የባለቤቴን የመጨረሻ ሌሊት ብዙ ሳምንት ሳይነካብኝ ነው የቆየው። ራሴ ነኝ አንድ ቀን የጀመርኩት።

አሁን ስለ ዝምታው ልንገርሽ፤ እኔን ያስቸገረኝ እሱ ነበርና። እኛ አገር ሰው ሲያለቅስ ዝም አይባልም። ለቀስተኛው ሁሉ «በቃ፣ በቃ፣ ፈጣሪ ያዘዘው ነው» ይላል፣ ውኃ ያመጣል፣ ወሬ ይለውጣል። ለኔም እንዲሁ አድርገውልኛል፤ በፍቅር ነው። ግን አርባው እስኪያልፍ አንድም ቀን ለቅሶዬን አልጨረስኩም። እሱ ዘንድ ሳለቅስ «በቃ» የሚል ጠፋ። ሶፍቱን ወደኔ ገፋ አደረገና ተቀመጠ። እኔም አለቀስኩ፣ አለቀስኩና ራሱ ቆመ። ዝም ሲልሽ የሰለቸው ወይም የሚለው ያጣ እንዳይመስልሽ። ጊዜው ያንቺ ስለሆነ ነው የሚሰጥሽ።

ምክር ይሰጠኛል ብለሽ ከጠበቅሽ ደግሞ ትበሳጫለሽ። እኔ «የባለቤቴን መኪና ልሽጠው ወይስ ላስቀምጠው?» ብዬ ጠየቅኩት። ሽማግሌ ብጠይቅ አንዱን ይለኝ ነበር። እሱ ግን «ብትሸጪው በማግስቱ ስፌት ቤቱ ስትገቢ ምን ይታይሻል?» አለኝ። ተናደድኩ። ለዚህ ነው ብር የምከፍለው አልኩ በሆዴ። ቤት ሄጄ ግን ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። መኪናው አልተሸጠም፤ ዛሬ ልጄ ትሠራበታለች። ያን ቀን «አትሽጪ» ቢለኝ ኖሮ ገንዘብ በቸገረኝ ቁጥር እሱን እወቅስ ነበር።

ከቀጠሮው ስትወጪ ድካም አለ፤ እንደ ጉንፋን ሰውነት ይከብዳል። ወዲያው ተሯሩጠሽ የሐይቅ ሚኒባስ ውስጥ አትግቢ። ለዚያ ቀን ገበያም አትያዢ። ፒያሳ በኩል ሻይ ጠጪ፣ ትንሽ በእግርሽ ሂጂ፣ ከዚያ ተሳፈሪ። ማታ ላይ ሊያስለቅስሽ ወይም ሕልም ሊበዛብሽ ይችላል። የጀመርሽው ነገር ስለተነካ ነው፤ ተበላሸሁ ብለሽ አትቅሪ።

ከሁሉ በላይ እንድትይዢልኝ የምፈልገው ይሄንን ነው። ሳምንታት ሄጄ ምንም ለውጥ አጣሁ። ልተወው ብዬ ከእህቴ ጋር መከርኩ። እህቴ «ለኔ ከምትነግሪኝ ለሱ አትነግሪውም?» አለችኝ። ሄጄ ፊት ለፊት «ጋሼ፣ እየመጣሁ ነው፤ ግን እየተሻለኝ አይደለም» አልኩት። ይቀየመኛል ብዬ ነበር። ደብተሩን ከፈተና «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። ምኑ ነው ያልሠራልሽ?» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው አካሄዱን የለወጠው። ወሬውን ቀነሰና ሥራ ሰጠኝ። በየቀኑ ለትንሽ ጊዜ ከባለቤቴ መኪና አጠገብ እንድቀመጥ፣ ሲከብደኝ ምን እንዳሰብኩ በደብተር እንድጽፍ፣ በሚቀጥለው ይዤ እንድመጣ። ለውጡ የመጣልኝ እዚያ ላይ ነው። የሚያምሽን እንደምትነግሪው ሁሉ ሕክምናው ያልተስማማሽንም ለራሱ ንገሪው። ብዙ ሰው ዝም ብሎ ይቀርና «ሞከርኩት፣ አይሠራም» ይላል። ያሳዝነኛል።

ስለ ሚስጥሩ ባለሙያ ቢነግርሽ ይሻላል። እኔ የማውቀው፣ አንድ ቀን ሰኞ ገበያ ፊት ለፊት ተገናኘን። እሱ ከሰው ጋር ነበር፤ እያየኝ ዝም ብሎ አለፈ። በሚቀጥለው ቀጠሮ «ቀድሜ ሰላም የማልልሽ አንቺን ለመጠበቅ ነው፤ አንቺ ሰላም ካልሽኝ እመልሳለሁ» ብሎ አስረዳኝ።

ሳይኮሎጂስት፣ ኮምቦልቻ

የስፌት ቤቷ እህቴ የተናገረችው ሁሉ ልክ ነው፤ ከክፍሉ ሌላኛው ወንበር ላይ ሆኜ ጥቂት ልጨምር።

ሚስጥርን በተመለከተ፣ የምትናገሪው ለትምህርት ቤትሽም ለባልሽም ያለ ፈቃድሽ አይነገርም። ገደብ ግን አለው፤ ይህንንም በመጀመሪያው ቀን ባለሙያው ራሱ ሊነግርሽ ይገባል። ራስሽን ወይም ሌላ ሰው ለመግደል ተጨባጭ አደጋ ካለ፣ ሕፃን እየተጎዳ ከሆነ፣ ወይም ፍርድ ቤት ካዘዘ ሚስጥሩ ሊወጣ ይችላል። ካልነገረሽ አንቺ ጠይቂው። ማስታወሻውን የት እንደሚያስቀምጥ፣ ማን እንደሚያየውም ጠይቂ። ያንቺ ዘመድ ወይም የልጅሽ አስተማሪ ከሆነ ደግሞ እንዲያክምሽ አይመከርም፤ ሌላ ሰው ሊጠቁምሽ ይገባል። በኛ አገር ትንንሽ ከተሞች ይሄ ያጋጥማል።

ባለሙያውን የመጠየቅ መብት አለሽ። የት ተማርክ? የሥራ ፈቃድህ ምንድን ነው? በጦርነት ምክንያት የተጨነቁ ሰዎችን አክመህ ታውቃለህ? በምን ዓይነት ዘዴ ነው የምትሠራው? ደህና ባለሙያ ይሄን ስትጠይቂው ደስ ነው የሚለው። ሳይኮሎጂስት በንግግርና በልምምድ ያክማል እንጂ መድኃኒት አያዝም። ሳይካትሪስት ግን ሐኪም ስለሆነ ያዝዛል። መድኃኒት ካስፈለገሽ ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ሳይኮሎጂስቱ ደብዳቤ ጽፎ ሊልክሽ ይችላል። ለድባቴና ለጭንቀት የሚታዘዙት መድኃኒቶች እንደ ፓራሲታሞል በዕለቱ አይሠሩም። ከ2 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋሉ። በራስሽ ፈቃድ ድንገት ማቆምም የለብሽም። ረመዳን ላይ ሰዓቱን ወደ ማታ ማዞር ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ያዘዘልሽን ሐኪም ጠይቂ።

ወረቀት ሊሰጥሽ ይችላል። አንዱ ድባቴን የሚለካው፣ ፒኤችኪው 9 የሚባለው ነው። 9 ጥያቄዎች አሉት፤ ያለፉትን 2 ሳምንታት ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ትሰጫለሽ፤ ጠቅላላው እስከ 27 ይደርሳል። ለጭንቀትም 7 ጥያቄ ያለው ተመሳሳይ አለ። ፈተና አይደለም፤ ጥሩ ለመሆን አትሙዪው። ጥቅሙ ከሳምንታት በኋላ እንደገና ሲሞላ ነው የሚታየው። አንቺ «ምንም አልተለወጥኩም» ስትዪ ቁጥሩ ከ19 ወደ 12 ወርዶ ታገኚዋለሽ። ካልወረደም ባለሙያው መንገድ መቀየር እንዳለበት ይነግረዋል።

ስንት ጊዜ ላልሽው፣ መጀመሪያ አካባቢ በሳምንት አንዴ ነው። አስተሳሰብንና ድርጊትን አብሮ የሚያክመው ሲቢቲ የሚባለው ዘዴ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 20 ቀጠሮ ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በችግርና በአደጋ ላለፉ ሰዎች ያዘጋጀው ፒኤም ፕላስ የሚባል አጭር መርሐ ግብርም አለ፤ 5 ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው፣ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ። ደሞዝሽን ከግምት አስገብታችሁ በየሁለት ሳምንቱ ማድረግም ይቻላል። በግልጽ ተነጋገሩበት።

እስከ ቅዳሜ ድረስ የምትሞክሪው አንድ ነገር ልስጥሽ። በሩ ሲጋጭ ልብሽ ሲመታ፣ እግርሽን መሬት ላይ አደላድለሽ የምታዪውን 5 ነገር ቁጠሪ፤ ጥቁር ሰሌዳ፣ መስኮት፣ ደብተር። ከዚያ የምትነኪውን 4፣ የምትሰሚውን 3፣ የምታሸቺውን 2፣ የምትቀምሺውን 1። ክፍል ውስጥ ማንም ሳያውቅብሽ ትሠሪዋለሽ። ሕመሙን ከሥሩ አይነቅልም፤ ያለሽው ዛሬ፣ እዚህ መሆኑን ግን ለሰውነትሽ ይነግረዋል።

የሚሸሹትንም ልጥቀስ። «በሦስት ቀን ነጻ አደርግሻለሁ» የሚል፣ ሐኪም ያዘዘልሽን መድኃኒት ጣዪ የሚል፣ በር ዘግቶ አላስፈላጊ የሚነካ፣ ከቢሮ ውጭ እንገናኝ የሚል፣ የሌላ ታካሚ ታሪክ ከነመንደሩ የሚያጫውትሽ ከሆነ ተነሥተሽ ውጪ። ራስሽን ስለማጥፋት ሐሳብ ከበረታብሽ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ። በዚያው ሰዓት ለቅርብ ሰው ነግረሽ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

መምህርት፣ ሐይቅ

ሁላችሁንም አላህ ያክብርልኝ። የስፌት ቤቷን እህቴን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። ቆጠራውን ዛሬ አራተኛ ክፍል ውስጥ ሞከርኩት፤ ሦስቱ ጋ ስደርስ እጄ ቆመልኝ።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ባለሙያው ወንድ ነው። በር ተዘግቶ ብቻችንን መቀመጡ በሃይማኖቴ ይከብደኛል፤ ለባለቤቴም ቅር እንዳይለው እፈራለሁ። ባለቤቴ ራሱ ክፉ ሰው አይደለም። «ለወሬ ብር ይከፈላል ወይ?» ነው የሚለኝ። ሌላው፣ ሰውዬው ባይስማማኝ እንዴት ነው የምተወው? ይሉኝታ አለብኝ።

ነርስ፣ ባቲ

እህቴ፣ ስለ በሩ ያነሣሽው ብዙ ሴቶች ሳይጠይቁት የሚቀሩት ነገር ነው። እኔም ሙስሊም ነኝ፤ ለብዙ እናቶች ይሄንን ጠይቄላቸዋለሁ። ቀድመሽ ደውዪና እንዲህ በዪ፦ «በሩ ገርበብ ብሎ ቢቀመጥ፣ እህቴም ኮሪደሩ ላይ ብትጠብቀኝ ይቻላል?» ባለሙያ የሆነ ሰው በዚህ አይቀየምም። ድምፅ እንዳይወጣ ራዲዮ ውጭ ከፍተው የሚያስቀምጡ አይቻለሁ፤ መስታወት ያለው በር ያላቸውም አሉ። ሴት ባለሙያ ካለች እንዲጠቁምሽ ራሱን መጠየቅም ነውር የለውም።

ባልሽን በክርክር አታሸንፊውም። ይዘሽው ሂጂ። ከመጀመሪያው ቀጠሮ አሥር ደቂቃ ያህል አብሯችሁ እንዲገባ ባለሙያውን አስፈቅጂ፤ ከዚያ ይውጣ። አንድ አባወራ አውቃለሁ፤ ሚስቱ ሌሊት ስትባንን ሳይተኛ እንደተኛ ሆኖ ለዓመታት ሲሰማ የኖረ። ባለሙያው «አንተስ እንቅልፍ አለህ ወይ?» ሲለው ዝም አለ። እሱም በዚያው መንገድ ወጥቶ የተመለሰ ሰው ነው፤ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም። ያንቺም ባል ያንኑ መንገድ ሄዷል።

አይሱዙ ሹፌር፣ ወልድያ

መንገድ ለሚርቀው ሰው የኔንም ልናገር። እኔ የምሠራው ከወልድያ ወደ ሚሌ መስመር ነው። ፊት ለፊቴ ከባድ አደጋ ካየሁ በኋላ መሪ ስይዝ እጄ ያልበኝ ጀመር። ቁልቁለት ላይ አቁሜ እወርዳለሁ። ሌላው ሰው ቢሮ መሄዱ ይመቸዋል፤ እኔ ግን አንድ ከተማ አልቀመጥም። ስለዚህ አዲስ አበባ ካለች ባለሙያ ጋር በቪዲዮ ነው የያዝኩት።

ቤት ውስጥ ሰው ይበዛል። መኪናውን ጥግ አቆምና ረዳቴን ምሳ ብላ ብዬ እልካለሁ፤ ጋቢና ውስጥ መስኮት ዘግቼ፣ ኢርፎን አድርጌ አወራለሁ። ኔትወርክ ሲቆረጥ ምን እንደምናደርግ በመጀመሪያው ቀን ተስማምተናል። ኢንተርኔቱ ከጠፋ በተራ ስልክ ትደውልልኛለች። ክፍያው በቴሌብር ነው። እሷ ያለሁበትን ቦታና የአንድ የቅርብ ሰው ስልክ በየቀጠሮው መጀመሪያ ትጠይቀኛለች፤ ክፉ ነገር ቢመጣ ሩቅ ስለሆነች ነው። እናንተንም ካልጠየቋችሁ ራሳችሁ ስጡ።

ሕክምናዋ ወሬ ብቻ አልነበረም። መጀመሪያ ሞተር ሳላስነሣ መሪ ጨብጬ እንድቀመጥ አደረገችኝ። ልቤ እስኪረጋ አልወርድም። ቀጥሎ ሞተር አስነሥቼ። ቀጥሎ ግቢ ውስጥ። ቀጥሎ ሜዳ መንገድ ላይ ከረዳቴ ጋር። ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ነው የመጣው። ፍርሃቱ ከፍ ይልና ካልሸሹት ራሱ ይወርዳል ትላለች፤ እኔም በእጄ ላይ አይቼዋለሁ። አሁን ሙሉ ጭነት ይዤ እወርዳለሁ። መምህርት፣ አንቺም በሩን ትለምጂዋለሽ፤ ግን ብቻሽን ገብተሽ ራስሽን አታስጨንቂ፤ ከሰውዬው ጋር ተመካክረሽ በየደረጃው ይሁን።

ስፌት ቤት፣ ደሴ

ስለ ይሉኝታው እኔ ልመልስልሽ፤ ሌላውን እነሱ ጨርሰውታል።

በመጀመሪያው ቀን አትወስኚ። ሁለቴ ሦስቴ ተመላለሺና ራስሽን ጠይቂ። ስናገር ይሰማኛል ወይ? የነገርኩትን ለሚቀጥለው ያስታውሳል ወይ? ከሱ ስወጣ አፍሬ ነው የምወጣው ወይስ ደክሞኝ? ድካሙ ችግር የለውም። ኀፍረቱ ግን ከቀጠለ ያ ሰው ላንቺ አይሆንም። ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ለሌላ ሰው ይሆናል።

መተው ከፈለግሽ ስልክ አጥፍተሽ አትጥፊ። እንዲህ በዪው፦ «ጊዜህን ስለሰጠኸኝ አመሰግናለሁ፤ ከሌላ ሰው ጋር ልሞክር ወስኛለሁ። የሠራነውን ባጭሩ ጽፈህ ብትሰጠኝ ደስ ይለኛል።» በቴክስትም ይሆናል። ያንን ወረቀት ከያዝሽ አዲሱ ዘንድ ከሀ አትጀምሪም፤ ያንን መንገድ ሁለተኛ ከመጀመሪያው ከመተረክ ያድንሻል። ምክንያት አስረዪ ብሎ ቢጫንሽ «ለኔ ስላልተስማማኝ ነው» ይበቃል። ብድር የለብሽም፤ የወሰድሽውን ሰዓት ከፍለሻል።

ደሴ ላይ የሚስማማሽ ካጣሽ ደግሞ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እዚያም አሉ። ሴት ባለሙያ ከፈለግሽም እንደ ሹፌሩ ወንድማችን በስልክ ጀምሪ። ሐይቅ ቤትሽ ጠባብ ከሆነና የምታወሪበት ቦታ ካጣሽ እኔ ስፌት ቤት ጓዳ አለ፤ እሑድ ከሰዓት ዝግ ነው። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ቁልፉን እሰጥሻለሁ።